ዘጠኝ ማዳበሪያ ልብስ፣ አንድ ብርድ ልብስ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ ዛሬ ግን ራሴን ቸግሮኝ ነው የጻፍኩት።

ገጠር የሚኖሩ የማውቃቸው ቤተሰቦች አሉ። ሰባት ናቸው። አባትየው ከታመመ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ቤቱን የተሸከመችው እናትየዋ ናት። ከአምስቱ ልጆች ትንሹ ገና ዳዴ ይላል። ቤታቸው መብራት የለውም። የዛሬ ወር ገደማ ለሥራ ባልደረቦቼና ለጎረቤቶቼ “ቤታችሁ የማትፈልጉት ዕቃ ካለ ለአንድ የተቸገረ ቤተሰብ አምጡልኝ” ብዬ መልእክት ላክሁ። ሰው አላሳፈረኝም። ይኸው ሳሎኔ መግቢያ መውጫ አጥቷል። ዘጠኝ ማዳበሪያ ልብስ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የጁስ መፍጫ፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ፣ አንድ ካርቶን ብርጭቆ፣ ባለ ተረከዝ ጫማ፣ ጡጦ፣ በፌስታል የታሰረ መድኃኒት ሳይቀር አለ። ብርድ ልብስ ግን የመጣው አንድ ብቻ ነው። ባለቤቴ “ወይ ዕቃው ይውጣ ወይ እኔ ልውጣ” እያለ ነው።

ሁሉንም ጭኜ ልሂድ? ልምረጥ ብል ሰጪዎቹ ይቀየሙኛል ብዬ ፈራሁ። አንዷ ባልደረባዬ ደግሞ “ሲረከቡ ፎቶ አንሺልን” ብላኛለች። ምን ይሻለኛል?
ሳሎን የጠፋባት

ልጄ፣ መጀመሪያ ባልሽን አይዞህ በይልኝ። ቅዳሜን ለዚሁ ሥራ ከሰጣችሁት እሁድ ሳሎኑ ይመለስለታል።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁት ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። እዚያ ቤት መጀመሪያ የሚማሩት ነገር ቢኖር ያልተጠየቀ ዕቃ አለመረከብ ነው። አንቺ ደግሞ የማንም ጥያቄ በእጅሽ ሳይኖር መጋዘን ከፈትሽ። “የማትፈልጉት” አልሽ፤ ሰውም ቃልሽን አክብሮ የማይፈልገውን አመጣልሽ። ምን አጠፋ? “ሦስት ብርድ ልብስ፣ ሁለት ጀሪካን፣ ክዳን ያለው ትልቅ ድስት እየፈለግሁ ነው” ብለሽ ቢሆን ኖሮ አምስቱ ሰው አንብቦ ዝም ይል ነበር። ስድስተኛው ግን ብርድ ልብስ ታቅፎ በርሽን ያንኳኳ ነበር።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? አንቺ ቤት ነገሩ ተገልብጧል። የሃምሳው ሰው ሎሚ ተሰብስቦ አንቺው ላይ ተጫነ። እንዳለ ጭነሽ ከሄድሽ ደግሞ ሸክሙ ወደ እናትየዋ ይዞራል። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ሰባት ሰው ይኖራል፤ ዘጠኝ ማዳበሪያ የት ታስቀምጠው? የማትፈልገውን መጣል እንኳ አትችልም፤ እንግዳ ያመጣው ነዋ።

እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ አድርጌያለሁ። ገና ወጣት ሳለሁ ለአንድ ችግር ላይ ለወደቀ የገጠር ቤተሰብ ዕቃ ልሰበስብ ተነሣሁ። በሰው በኩል “ምን ላምጣላችሁ?” ብዬ አስጠየቅኋቸው። መልሱ “ምንም አልጎደለንም፣ እናንተ ብቻ ኑልን” ሆነ። እኔም እውነት መስሎኝ ደስ ያለኝን ይዤ ሄድኩ። ከያዝኩት ሁሉ የምኮራበት ሃያ አራት ፍሬ ብርጭቆ ነበር፤ ከነካርቶኑ፣ ገና ያልተከፈተ።

ደረስኩ። እናትየዋ እግሬን ልታስታጥበኝ ጀሪካን አነሣች። ክዳኑ ጠፍቷል፤ በተጠቀለለ ፌስታል ነው የተወተፈው። ታችኛው ጥግ ተሰንጥቆ ስንጥቁ በሳሙና ተደፍኗል። ከደፈነችው በታች ግን ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። ማታ ደግሞ ልጆቹ ሲተኙ አየሁ። አራት ናቸው፤ ብርድ ልብሱ አንድ ነው። በቁመቱ ከተነጠፈ ለአራት ስለማይበቃ በአግድም ነው የሚለብሱት። እንደዚያ ሲሆን ትከሻቸውን ይሸፍናል፣ ከጉልበት በታች ግን ያው ሜዳ ነው። ስምንት እግር ተደርድሮ አየሁ። ብርጭቆዬን ይዤ ቁጭ አልኩ።

በዓመቱ ተመልሼ ስሄድ ካርቶኑ አልተከፈተም። ጥግ ላይ ተቀምጦ ኩራዝ ተደርጎበታል። ጠረጴዛ ሆኖ አገልግሏል በይው።

ይሉኝታ እንደምታውቂው ሁለት አፍ አለው። ተቀባዩ “ይህ ጎደለኝ” ማለት ያፍራል። ሰብሳቢው ደግሞ “ይህን አልፈልግም” ማለት ያፍራል። በሁለቱ መሀል ብርድ ልብሱ ይቀራል። ስለዚህ “ምን ይጎድላችኋል?” ብለሽ አትጠይቂ። የዕለት ኑሯቸውን ጠይቂ። ውሃ ማን ነው የሚቀዳው? በምን? ስንት ጊዜ ትመላለሳላችሁ? ማታ የትኛችሁ የት ትተኛላችሁ? ዝናብ ሲመጣ የትኛውን ጥግ ነው የምትሸሹት? ድስቱ ስንት ነው፣ አንዱ ተጥዶ ሌላው ምን ይሆናል? እንዲህ ሲጠየቅ ሰው ስለ ኑሮው ያወራል እንጂ እንደለመነ አይሰማውም። አንቺ እያዳመጥሽ ትጽፊያለሽ። ከተቻለ እናትየዋን ራሷን በስልክ አግኚ። የድስቱን ነገር አባትየውን ብትጠይቂ “ሞልቷል” ነው የሚልሽ።

መነሻ እንዲሆንሽ ያህል፣ በዓለም ላይ በአደጋ ጊዜ እርዳታ የሚያቀርቡ ድርጅቶች የሚመሩበት ስፊር የሚባል መመሪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረ ሥራ ነው። እኔ የወደድኩት እንደ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ስለሚቆጥር ነው። ከአራት እስከ አምስት ሰው ላለው ቤት ሁለት ትልልቅ ድስት ይላል፤ እጀታና ክዳን ያላቸው። ከዚያ አንድ ሳፋ፣ አንድ የወጥ ቤት ቢላ፣ ሁለት ጭልፋ። ለእያንዳንዱ ሰው ጎድጎድ ያለ ሳህን፣ መመገቢያ ማንኪያና መጠጫ። ለእያንዳንዱ ሰው ብርድ ልብስና ምንጣፍ ወይም ፍራሽ። ልብስ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ቅያሪ። ለቤቱ ደግሞ ውሃ መያዣ ከ10 እስከ 20 ሊትር የሚይዝ ሁለት፤ አንዱ መቅጃ፣ አንዱ ማስቀመጫ። የእርስዎ ቤት በዚህ ይለካ የሚል ሕግ አይደለም፤ ዝቅተኛው ነው። ግን አየሽ፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ የለበትም።

ውሃው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚዘነጋው እሱን ነው። ያው መመሪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ ይላል። ለሰባት ሰው 105 ሊትር ማለት ነው። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን አምስት ሙሉ፣ ከዚያም ትርፍ። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ይመዝናል። ከአምስቱ ልጆች ውሃ የምትቀዳዋ ስንት ዓመቷ ነው? የአሥር ዓመት ልጅ ከሆነች ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መስጠት እርዳታ አይደለም፤ ጀርባዋን መስበር ነው። ባለ 5 እና ባለ 10 ሊትር ጨምሪ። ክዳኑ በክር ወይም በገመድ ከእጀታው ጋር ይታሰር፤ ጀሪካን የሚሞተው በክዳኑ በኩል ነው። ደግሞ ያገለገለ ጀሪካን ሲመጣልሽ አፍንጫሽን ወደ አፉ አስጠጊና አሽቺው። ነዳጅ፣ ቀለም ወይም ፀረ ተባይ የነበረበት ከሆነ አሥር ጊዜ ቢታጠብም ለመጠጥ ውሃ አይሆንም። እኔ ጎኑን ቀድጄ ነው የምጥለው፤ ሌላ ሰው አንሥቶ ውሃ እንዳይቀዳበት።

አሁን ወደ ሳሎንሽ። መሬት ላይ አንሶላ አንጥፊና ማዳበሪያዎቹን አንድ በአንድ ድፊ። በማዳበሪያው አፍ አጮልቀሽ “ደህና ነው” እንዳትዪ። ከላይ ሹራብ፣ ከታች የነጠላ ካልሲ ክምር ነው፤ ስንቴ አይቻለሁ። ዚፑን ሳቢው። ቁልፍ የጎደለውን ትተኪያለሽ ወይስ አትተኪም፣ እዚያው ወስኚ። “በኋላ እሰፋዋለሁ” ያልሽው በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው ነው የሚቆይሽ። ጫማ በማሰሪያው ጥንድ ጥንድ ይታሰር፤ ማሰሪያ ከሌለው በሲባጎ። የልጆቹን ልክ ሳታውቂ ጫማ አትጫኚ። እግራቸውን ወረቀት ላይ በእርሳስ ከበው እንዲልኩልሽ አድርጊ፤ ቁጥር ከመጠየቅ ይሻላል።

ጡጦውን አትውሰጂ። ይህን ያልኩት ጨክኜ አይደለም። ጡጦ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በየጊዜው ካልተቀቀለ የተቅማጥ ምንጭ ነው፤ ንጹሕ ውሃና ማገዶ በተቸገረ ቤት ደግሞ ያ አይሆንም። በአደጋ ጊዜ ጡጦና የሕፃናት የዱቄት ወተት በልገሳ እንዳይሰበሰብ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ለዚሁ ነው። መድኃኒቱንም መልሺ። ሰው ጀምሮ የተወውን ኪኒን ለታመመ አባት መላክ እርዳታ አይባልም። ለእሱ ማሰብ ከፈለግሽ ሐኪም ጋ የሚሄድበትን መንገድ አስቢለት።

የቀረው ምድጃ፣ መፍጫና ብርጭቆ ይሸጥ። አዎ፣ ይሸጥ። ግን ሳትነግሪያቸው አይሆንም። ለያንዳንዱ ሰጪ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ “ቤታቸው መብራት የለም፤ ምድጃሽን ወደ ብርድ ልብስ ልቀይረው ወይስ ልመልስልሽ?” በእኔ ዕድሜ በዚህ የተቀየመ አላጋጠመኝም። አንዷ ብቻ “እንግዲያው መፍጫዬን መልሺልኝ” አለችኝ። መለስኩላት። እስካሁን ወዳጄ ናት።

ልብሱ ላይ ግን ጠንከር በይ። ሰው ልብስ መስጠት ይወዳል፤ ቁም ሳጥኑን ያቀልለታላ። እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ የደረሰ ጊዜ ደቡብ ሕንድ ውስጥ ከየቦታው የተላከ አሮጌ ልብስ ማንም ሳያነሣው መንገድ ዳር ተከምሮ ቀርቷል። ቤታቸው በውሃ የተወሰደባቸው ሰዎች እንኳ አልወሰዱትም። ተቸገሩ እንጂ ዓይናቸው አልጠፋም። ከዘጠኙ ማዳበሪያ ሁለት ከወጣልሽ ብዙ ነው።

ስታሽጊ ብረት ድስቶቹን አንዱን በአንዱ ውስጥ ክተቺ፤ መሀላቸው ፎጣ ወይም የልጅ ልብስ ይግባ። ቦታ ይቆጥባል፣ አይጋጭም። ከያንዳንዱ ማዳበሪያ ላይ ምን እንዳለበት በወፍራም እስክሪብቶ ጻፊ። መኪናው ቤታቸው ደጃፍ ድረስ ይገባ እንደሆነም ቀድመሽ ጠይቂ። መንገዱ ቀድሞ የሚያልቅ ከሆነ ቀሪውን ሰው ነው የሚሸከመው፤ አንድ ሰው የማያነሣው ጥቅል አታድርጊ። እቃው ሲራገፍ ጎረቤት ሁሉ ይወጣል፣ ይቆጥራል። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ ከምትደርሺ አመሻሽ ላይ ብትደርሺ ይሻላል። ጎረቤቱም ችግረኛ ነው፤ ነገ አብሯቸው የሚኖረው እሱ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም።

ፎቶውን በተመለከተ፣ መኪናው ላይ የተጫነውን ዕቃ አንሺና ላኪላቸው። ዝርዝሩንም ጨምሪበት፦ ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ተሸጠ፣ በሽያጩ ይህ ተገዛ፣ ይህ ደረሰ። ሰጪ ማወቅ ያለበት ይህንን ነው። እናትየዋ ብርድ ልብስ ታቅፋ፣ ልጆቿ ተደርድረው የሚነሡት ፎቶ ግን ይቅር። ትልቋ ልጅ ነገ ተምራ ሥራ ስትይዝ ያ ፎቶ አንዱ ስልክ ውስጥ ይኖራል። ባልደረባሽ ከተቆጣች “እትዬ ከልክላኝ ነው” በያት፤ እኔን ትቆጣ።

*

እትዬ፣ ለምናግዘው ቤተሰብ አንድ ሰው ሁለት የስፖንጅ ፍራሽ ሰጠን። አዲስ ይመስላል፤ ግን ከስፌቱ ጋ ትንንሽ ጥቁር ነጥብ አየሁ። ፀሐይ ላይ ለሦስት ቀን ባሰጣው ይበቃል?
አስጪው

አይበቃም። ነጥቡ የትኋን ሳይሆን አይቀርም፤ ኩሱ ነው እንደዚያ የሚጠቁረው። ጨለማ ውስጥ በባትሪ ብርሃን ስፌቱን ገልጠህ ብታይ ቅርፊቱንም ታገኛለህ። ፀሐይ የፍራሹን ላይ ያሞቃል፤ ትኋኑ ወደ ውስጥ ይሸሻል። “ባዶ ክፍል ውስጥ አቆየዋለሁ፣ ይርበውና ይሞታል” እንዳትልም፤ ሳይበላ ለወራት የሚቆይ ፍጥረት ነው። ብርድ ልብስና አንሶላ ቢሆን በ60 ዲግሪ ሙቅ ውሃ አጥበህ ትገላገለው ነበር። ፍራሽ ግን ማጠቢያ አይገባም።

ተወው። ለሰጪው ለብቻው ንገረው፤ የራሱም አልጋ ላይ ሊኖርበት ይችላልና ያመሰግንሃል። አሁን ያለበትንም ክፍል ፈትሽ። የገጠሩ ቤተሰብ እስካሁን መሬት ላይ ተኝቷል፣ ግን ያለ ትኋን ነው የተኛው። እሱን ይዘህባቸው ብትሄድ ከምርቃቱ ይልቅ እከኩ ነው የሚተርፍህ።

*

እትዬ፣ የእናቴ ወንድም ገጠር ነው የሚኖረው። ኑሮው ከብዶታል። ባለፈው ድስት፣ ብርድ ልብስና በፀሐይ የሚሠራ መብራት ገዝቼ ወሰድኩለት። መብራቱን ለልጆቹ ተቀበለና ሌላውን “እኔ ለማኝ አይደለሁም” ብሎ መለሰው። እናቴ ደግሞ “አንተ ነህ የማታውቅበት” ትላለች። እውነት ጥፋቱ የኔ ነው?
የእህቱ ልጅ

ትንሽ የአንተ ነው፣ ትንሽ የእሱ ነው። አጎትህ ትላንት አንተን ትከሻው ላይ ያዞረህ ሰውዬ ነው። አንተ ግን በአንድ ቀን ሙሉ ቤት ይዘህ ከፊቱ ቆምክ። ምን ይበል?

መብራቱን መቀበሉን ልብ በል፤ ለልጆቹ ነው ብሎ ለራሱ መልስ አግኝቶለታል። ስለዚህ በሚቀጥለው ስትሄድ ብርድ ልብሱን ለእሱ አትስጠው። ለትንሿ ልጅ በስሟ ስጣት፤ “ያንቺ ነው” በላት። ድስቱን እናትህ ትላከው፤ እህት ለወንድሟ ሚስት የምትልከው ዕቃ ሌላ ነገር ነው፣ ማንንም አያዋርድም።

ለእሱ ደግሞ ሥራ ይዘህለት ሂድ። አጎትህ እጁ ምን ያውቃል? እንጨት የሚጠርብ ከሆነ እግሩ የተሰበረ ዱካ አታጣም፤ ተሸክመህ ሂድና “አጎቴ፣ ይህቺን የሚጠግን ሰው አጣሁ” በለው። እያየህ ይጠግነው። አትቸኩልበት፣ አጠገቡ ቁጭ በል፣ ምስማር አቀብለው። ሲጨርስ የእጁን ትከፍለዋለህ። አልቀበልም ካለ ከልብህ አመስግነህ ዱካህን ይዘህ ግባ፤ የሚቀጥለውን ደግሞ መቼ እንደምታመጣለት ንገረው።